ስፒኔል መስሎ የኖረው ድንጋይ

እንደምን አመሻችሁ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ታፋይት ስለሚባል ድንጋይ ነው። ስሙን ከዚህ በፊት የሰማችሁት ጥቂት እንደምትሆኑ እገምታለሁ። ስለ አልማዝ፣ ስለ ሩቢ፣ ስለ ሰንፔር ብጠይቅ ሁላችሁም የምትሉት አይጠፋም። እኔ ግን ከሁሉም አስበልጬ የምወደው ታፋይትን ነው። ለምን እንደሆነ ታሪኩ ራሱ ይነግራችኋል። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

ጊዜው ኦክቶበር 1945 ነው። ቦታው የአየርላንድ ዋና ከተማ ደብሊን። አንድ የጌጣጌጥ ባለሙያ ሱቅ ውስጥ የተጠራቀሙ ድንጋዮች በሣጥን ተቀምጠዋል። ከተሰበሩ ቀለበቶችና ካረጁ ጌጦች የተነቀሉ ናቸው። ወርቅ ሲያረጅ ይቀልጥና ሌላ ጌጥ ይሆናል። ድንጋዩ ግን ቶሎ ገዢ ካላገኘ ሣጥን ውስጥ ይከረማል። እዚያ ውስጥ እውነተኛውም ድንጋይ አለ፣ ተራ መስታወትም አለ። ሁሉም አቧራ ለብሶ አንድ ላይ ተቀምጧል።

አንድ ሰው መጣና ሣጥኖቹን ልይ አለ። ሪቻርድ ታፍ ይባላል። የመሳፍንት ዘር ነው። አያቱ ኤድዋርድ ታፍ የኦስትሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ቤተሰቡ ከአየርላንድ የፈለሰ ስለሆነ በብሪታንያም የመኳንንት ማዕረግ ነበረው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ከጠላት ጎን ቆማችኋል ተብሎ ማዕረጉ በ1919 ተነጠቀ። በዚያ ሱቅ ውስጥ የቆመው ታፍ እንግዲህ ከዚያ ሁሉ ክብር በኋላ የቀረ ሰው ነው። ድንጋይ ግን ያውቃል። በጣም ያውቃል።

መረጠ፣ ገዛ፣ ቤቱ ወሰደ። አጠባቸው። በቀለም ከፋፈላቸው። ከዚያ አንድ በአንድ ማይክሮስኮፕ ስር እያደረገ ያያቸው ጀመር። አንዷ ፈዛዛ ሐምራዊ ናት። ክብደቷ 1.419 ካራት። አንድ ካራት 0.2 ግራም ስለሆነ ሩብ ግራም ብትበልጥ በትንሹ ነው። ሲያያት ስፒኔል መሰለችው። ማንም ቢሆን እንደዚያ ነበር የሚለው።

እዚህ ላይ ስለ ስፒኔል ትንሽ ልበል። ስፒኔል ራሱ ለዘመናት በሌላ ስም ሲጠራ የኖረ ድንጋይ ነው። በብሪታንያ የንግሥና ዘውድ ፊት ለፊት የተቀመጠውና “የጥቁሩ ልዑል ሩቢ” የሚባለው ትልቅ ቀይ ድንጋይ ሩቢ አይደለም። ስፒኔል ነው። ስሙ እስከዛሬ አልተለወጠም። ስፒኔል በሩቢ ስም ኖረ፣ በስፒኔል ስም ደግሞ ሌላ ድንጋይ ተደብቆ ኖረ ማለት ነው።

ወደ ታፍ እንመለስ። ድንጋይዋን በፊት ለፊት ገጿ በኩል ወደ ውስጥ ሲመለከት አንድ ነገር አየ። ከጀርባ ያሉት የገጾቹ ጠርዞች አንድ መስመር መሆን ሲገባቸው ሁለት ሁለት ሆነው ታዩት። በጣም ተቀራርበው፣ ግን ሁለት። አዞራት። በሌላ አቅጣጫ አንድ ሆኑ። መልሶ አዞራት። ሁለት።

ይህ ለምን እንዳስደነገጠው እንዲገባችሁ ይኸው ካልሳይት የሚባል ብርሃን የሚያሳልፍ ማዕድን አምጥቼላችኋለሁ። ከፊት ወንበር ጀምራችሁ እየተቀባበላችሁ እዩት። ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ተሰምሯል። ካልሳይቱን ከላይ ስታስቀምጡበት ሁለት መስመር ታያላችሁ። ዓይናችሁ አልተሳሳተም። ብርሃን ወደ አንዳንድ ክሪስታሎች ሲገባ ለሁለት ይከፈላል። ሁለቱ ጨረሮች ፍጥነታቸው ስለሚለያይ መንገዳቸውም ይለያያል። ዴንማርካዊው ራስመስ ባርቶሊን ይህንን ከአይስላንድ በመጣ ካልሳይት ላይ አይቶ በ1669 ጽፎታል። ካልሳይት ላይ በጣም ጎልቶ ስለሚታይ ሕፃንም ያየዋል። ሌሎች ድንጋዮች ላይ ግን ልዩነቱ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። የታፍ ድንጋይ ከነዚህ ናት። ከካልሳይቱ ጋር ስትወዳደር ብርሃንን የምትከፍለው ሠላሳ፣ አርባ ጊዜ ባነሰ መጠን ነው።

ስፒኔል ደግሞ ብርሃን አይከፍልም። አቶሞቹ የተደረደሩት በኪዩብ ሥርዓት ነው። ብርሃን ከየትኛውም ወገን ቢገባ የሚያገኘው አንድ ዓይነት አደራደር ስለሆነ የሚከፈልበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ ብርሃን የሚከፍል ስፒኔል የሚባል ነገር የለም።

ችግሩ ሌላው መለኪያ ሁሉ “ስፒኔል ነው” ማለቱ ነው። ብርሃን ወደ ድንጋዩ ሲገባ ምን ያህል እንደሚታጠፍ የሚለካ መሣሪያ አለ። ስፒኔል ላይ ወደ 1.718 ይነበባል። የታፍ ድንጋይ ላይ በ1.719 እና በ1.723 መካከል ነው። ጥግግት ቢባል የስፒኔል 3.60፣ የሷ 3.61 ገደማ። ጥንካሬዋም እዚያው አካባቢ ነው፤ ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የሞህስ መለኪያ 8 እና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ። ቀለሟም ስፒኔል የሚመጣበት ቀለም ነው። እንግዲህ አስቡት። አራት ምስክር በአንድ ድምፅ ስፒኔል ነው እያለ፣ አንድ በጭንቅ የምትታይ መስመር ብቻ አይደለም ትላለች።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ይህ ቅጽበት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያልፈዋል። ዓይኔ ደክሞ ይሆናል ይላል። ድንጋዩ ውስጥ ስንጥቅ ይኖራል ይላል። ታፍ ግን አላለፈም። ያላወቀውንም አወቅሁ አላለም። ድንጋይዋን ጠቅልሎ ኖቬምበር 1 ቀን 1945 ከደብዳቤ ጋር ወደ ለንደን ላካት።

የላከው ለቤዝል አንደርሰን ነው። አንደርሰን የለንደን ንግድ ምክር ቤት የከበሩ ድንጋዮች መመርመሪያ ላቦራቶሪ ኃላፊ ነበር። ይህ ላቦራቶሪ በ1925 የተቋቋመው በሰው እርዳታ በዛጎል ውስጥ የሚመረተው ዕንቁ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው፣ ከተፈጥሮው ለመለየት ታስቦ ነው። አንደርሰንና የሥራ ባልደረባው ፔይን ድንጋይዋን መረመሩ። እነሱም የታፍን ሁለት መስመር አዩ። ከሚያውቋቸው ድንጋዮች ከአንዱም ጋር አልገጠመችላቸውም። ከዚያ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ሄደች። እዚያ ክላሪንግቡል በኤክስሬይ የአቶሞቿን አደራደር መረመረ፣ ሄይ ደግሞ ኬሚካሏን ለየ። ለኬሚካል ምርመራ ግን ከድንጋይዋ ላይ መቆረጥ ነበረበት። በዓለም ላይ የምትታወቀው አንዲት ድንጋይ ናት፣ እሷኑ ትቆርጣለህ። ሌላ መንገድ አልነበረም።

ውጤቱ በ1951 ታተመ። ድንጋይዋ አዲስ ማዕድን ነበረች። ቤሪሊየምና ማግኒዥየም ሁለቱም ዋና አካሉ ሆነው የተገኙበት የመጀመሪያው ማዕድን። በአግኚው ስም ታፋይት ተባለ።

ሌላም የተለየ ነገር ነበራት። ማዕድን በተለምዶ የሚገኘው ተራራ ላይ፣ ጉድጓድ ውስጥ፣ ወንዝ ዳር ነው። ጥሬው ይገኛል፣ ይጠናል፣ ስም ይወጣለታል፣ ካማረ ደግሞ ይቆረጥና ጌጥ ይሆናል። ታፋይት ይህንን ሁሉ ገልብጣ ነው የመጣችው። ሳይንስ ሳያውቃት በፊት ተቆርጣ፣ ተወልውላ፣ ጌጥ ላይ ተሰክታ፣ ተነቅላ፣ ሣጥን ውስጥ ገብታ ነበር። የተወለወለች ስለሆነች ደግሞ የትኛው መሬት እንዳበቀላት የሚናገር ምልክት አልቀረላትም። አገሯ ሳይታወቅ ስሟ የወጣላት ድንጋይ ናት።

ሁለተኛዋን በ1949 ፔይን ራሱ አገኛት። ለምርመራ ከመጡ ድንጋዮች መካከል። ይህ ምን ይነግረናል? ድንጋዩ ድሮም ነበር። የጎደለው የሚፈልገው ሰው ነው። በኋላ ብዙዎቹ ታፋይቶች ከስሪ ላንካ የወንዝ ጠጠር የሚወጡ መሆናቸው ታወቀ። እዚያ ለዘመናት ሩቢ፣ ሰንፔር፣ ስፒኔል ከአሸዋና ከጠጠር መካከል እየታጠበ ሲለቀም ኖሯል። ታፋይትም አብሮ ይለቀም ነበር። አብሮ ይቆረጥ ነበር። በስፒኔል ስምና በስፒኔል ዋጋ አብሮ ይሸጥ ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? እዚህ ተረቱ ቃል በቃል ሆነ።

የሚገርማችሁ፣ እነዚሁ የለንደን ሰዎች ብዙም ሳይቆዩ ሌላ ድንጋይ በዚሁ ዓይነት መንገድ ያዙ። ፔሪዶት የተባለው የከበረ ድንጋይ ቡናማ ዓይነት ነው እየተባለ ሲሸጥ የኖረ የስሪ ላንካ ድንጋይ ነው። በ1952 ሲንሃላይት ብለው ሰየሙት። ስሙ ከደሴቲቱ የጥንት መጠሪያ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው ልምጣ። ቅድሚያ ግን ለምን እንዲህ ብርቅ ሆነ?

ይህንን ክፍል በጣም ነው የምወደው፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ። ኬሚካል የሰለቻችሁ ካላችሁም ይህኛው እንደ ሂሳብ ጨዋታ ነው። ስፒኔል የማግኒዥየም፣ የአሉሚኒየምና የኦክሲጅን ውሕድ ነው። ክሪሶቤሪል የሚባል ሌላ የከበረ ድንጋይ አለ። በቀንና በመብራት ቀለሙን የሚለዋውጠው ዝነኛው አሌክሳንድራይት የሱ ዘር ነው። ክሪሶቤሪል ደግሞ የቤሪሊየም፣ የአሉሚኒየምና የኦክሲጅን ውሕድ ነው። አንድ እጅ ክሪሶቤሪልና ሦስት እጅ ስፒኔል ብትደምሩ በትክክል የታፋይትን ቀመር ታገኛላችሁ። አንድ ቤሪሊየም፣ ሦስት ማግኒዥየም፣ ስምንት አሉሚኒየም፣ አሥራ ስድስት ኦክሲጅን። አንድም አይተርፍ፣ አንድም አይጎድል። ስፒኔል መምሰሉ ያለ ነገር አይደለም። አብዛኛው ሰውነቱ ስፒኔል ነው። አቶሞቹም የተደረደሩት የሁለቱ ዓይነት ንጣፎች እየተፈራረቁ ነው።

እንግዲህ እነዚህን ንጥረ ነገሮች አንድ ቦታ ማግኘት ነው ጭንቁ። ቤሪሊየም በምድር ቅርፊት ውስጥ በጣም ጥቂት ነው። ከሚሊዮን እጅ ሁለት፣ ሦስት ያህል ብቻ። እሱም የሚጠራቀመው ከግራናይት ጋር በተያያዙ ዓለቶች ውስጥ ነው። ማግኒዥየም ደግሞ እዚያ እምብዛም አይገኝም። የሱ ሰፈር ሌላ ነው። ዶሎማይት፣ እብነ በረድ፣ ከምድር ጥልቀት የወጡ ጥቁር ዓለቶች። ሁለቱ ቢገናኙ እንኳ ገና አላለቀም። አካባቢው ላይ ሲሊካ፣ የተራ አሸዋ ዋና አካል ማለት ነው፣ ከበዛ ቤሪሊየሙ ከሲሊካው ጋር ሄዶ ቤሪል ይሆናል፣ መረግድ የሚወጣበትን ማዕድን ማለት ነው። ማግኒዥየሙ ካነሰ ክሪሶቤሪል ይሆናል። ቤሪሊየሙ ካነሰ ስፒኔል ብቻ ይሆናል። ታፋይት የሚወለደው በነዚህ ሁሉ መካከል ባለች ጠባብ በር ነው። በዚያ ላይ ደግሞ ክሪስታሉ ጥርት ብሎ፣ ሳይሰነጠቅ፣ ሊቆረጥ በሚችል መጠን ማደግ አለበት።

ስለዚህ ብርቅ ነው። ግን ልብ በሉልኝ፣ ብርቅ መሆን ብቻውን ዋጋ አያወጣም። በዓለም ላይ ከታፋይት ይልቅ ብርቅ የሆኑ ማዕድናት ብዙ አሉ። አንዳንዶቹ በማይክሮስኮፕ ካልሆነ የማይታዩ ብናኞች ናቸው። አንዳንዶቹ ውሃ ሲነካቸው ይሟሟሉ። ሳይንቲስት ይወዳቸዋል እንጂ ማንም ቀለበት ላይ አያደርጋቸውም። ታፋይት ግን ጠንካራ ነው። ቢለበስ ቶሎ አይጫርም። ጥርት ያለ ነው። ሲወለወል ያበራል። ብርቅነቱ ዋጋ ሊያወጣ የቻለው እነዚህ ስላሉት ነው።

ሌላም አለ፣ ይኼኛው ግራ የሚያጋባ ነው። ድንጋይ ከመጠን በላይ ብርቅ ሲሆን ዝናው ይሞታል። ታንዛናይት የሚባለውን የከበረ ድንጋይ ውሰዱ። የታወቀው በ1967 በታንዛኒያ፣ በኪሊማንጃሮ አካባቢ ባለችው መረላኒ ነው። ለገበያ የሚበቃ መጠን እስከዛሬ የሚወጣው ከዚያች ቦታ ብቻ ነው። ብርቅ ነው ይባላል፣ እውነትም ነው። ግን መረላኒ የጌጣጌጥ ሱቆችን መስኮት የሚሞላ ያህል አወጣች። የአሜሪካው የጌጣጌጥ ኩባንያ ቲፋኒ በ1968 ስም አወጣለት፣ አስተዋወቀው። ሰው አየው፣ ወደደው፣ ገዛው። ታፋይትን ግን ማን ያስተዋውቀው? አሥር ሰው ሱቅ መጥቶ “ስጠኝ” ቢል የሚሰጠው የለም። ለአንገት ሐብል የሚሆኑ ተመሳሳይ አሥራ ሁለት ድንጋዮች መሰብሰብ ዓመታት ይፈጅ ይሆናል። ስለዚህ የታፋይት ገበያ የሰብሳቢዎች ገበያ ነው። ገዢው ምን እንደሚገዛ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው። ዋጋውም የሚቆመው በነዚህ ጥቂት ሰዎች እውቀትና ፍቅር ላይ ነው። እኔ ይህንን እንደ ጉድለት አላየውም። እንዲያውም ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ ዋጋ የለም እላለሁ፤ ማስታወቂያ አላወጣውማ።

በሰብሳቢዎቹ መካከልም ድንጋይ ከድንጋይ ይለያል። አብዛኛው ታፋይት ፈዛዛ ነው። ግራጫ የነካው ሐምራዊ፣ ቀለም አልባ ለማለት የሚዳዳው ሮዝ። ቀለሙ ከጠለቀ፣ ሐምራዊው ሐምራዊ ነኝ ካለ፣ ዋጋው ሌላ ነው። ወደ ቀይ የሚጠጋው ደግሞ እጅግ ጥቂት ነው። መጠንም ወሳኝ ነው። አብዛኞቹ ትንንሽ ስለሆኑ ትልቅና ጥርት ያለ ድንጋይ ሲገኝ የአንዱ ካራት ዋጋ ራሱ ወደ ላይ ይዘላል። ባለ ሁለት ካራቷ የባለ አንድ ካራቷን እጥፍ ታወጣለች ብላችሁ እንዳታስቡ። ከእጥፍ በላይ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን የዚህ ድንጋይ ዋጋ ወረቀቱ ላይ ነው። የምርመራ ወረቀቱን ማለቴ ነው። ለምን እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ። ስፒኔል ይመስላላ! ያለ ማረጋገጫ ያው ስፒኔል ነው። አልማዝን ከመስታወት ልምድ ያለው ነጋዴ በዓይኑና በእጁ ይለየዋል። ታፋይትን በዓይኔ ለየሁ የሚል ነጋዴ ቢያጋጥማችሁ አትመኑት።

ደግሞ በ1967 ሌላ ጣጣ መጣ። በደቡብ አውስትራሊያ የመስግሬቭ ተራሮች ላይ የታፋይት የቅርብ ዘመድ ተገኘ። መስግራቫይት ተባለ። ቅድም የደመርነውን ታስታውሳላችሁ? አንድ ክሪሶቤሪልና ሦስት ስፒኔል? መስግራቫይት አንድ ክሪሶቤሪልና ሁለት ስፒኔል ነው። ልዩነቱ ያቺ አንዷ ናት። ለጌጥ የሚሆን መስግራቫይት እስኪታወቅ ድረስ እስከ 1993 ተጠበቀ። ከታፋይትም የባሰ ብርቅ ስለሆነ ሰብሳቢዎች የበለጠ ይከፍሉበታል። መስግራቫይትም ብርሃን ይከፍላል፣ የሚነበበው ቁጥርም ከታፋይት ጋር ይደራረባል። ታፍን ያገዘችው ሁለት መስመር እዚህ ላይ አትረዳም። ሁለቱን በእርግጠኝነት የሚለየው በሌዘር ብርሃን የሚሠራ ራማን የሚባል ምርመራ ወይም ኤክስሬይ ነው። ይህንን የሚሠራ መሣሪያ ያላቸው ትልልቅ ላቦራቶሪዎች ናቸው። ስለዚህ “መስግራቫይት” የሚል ወረቀት ሲሰጣችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ዋጋውን አይሁን። በምን መሣሪያ እንደተመረመረ ጠይቁ።

ከመጨረሴ በፊት፣ ብዙ ጊዜ የሚቀርብልኝ አንድ ጥያቄ አለ። “እኔ ያለኝ የድሮ ሐምራዊ ስፒኔል ታፋይት ሊሆን ይችላል ወይ?” ይሉኛል። ይችላል። ዕድሉ ጠባብ ነው፣ ግን ይችላል። የድሮ ስፒኔል ያላቸው ሰዎች አንዳንዴ የሚያስመረምሩት ለዚሁ ነው።

ከመመርመሪያ ቤት በፊት ራሳችሁ ማየት ከፈለጋችሁ እንዲህ አድርጉ። ድንጋዩን በለዘብተኛ ሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ እጠቡት። ጠንካራ ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል፤ ድንጋዩ ትንሽ ከሆነ በእጅ የሚያዘው አጉሊ መነጽር አይበቃም። በፊት ለፊት ገጹ በኩል ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ዓይናችሁን ከጀርባ ባሉት ጠርዞች ላይ አሳርፉ። አንድ መስመር ብቻ ካያችሁ ቶሎ አትተዉት። ብርሃን የሚከፍል ድንጋይም የማይከፍልበት አቅጣጫ አለው። ታፍም በአንዱ ወገን ያየው አንድ መስመር ነበር። ድንጋዩን ዘንበል አድርጉት። አዙሩትና እንደገና እዩት።